ፓይተን የዘጌን ተሳፋሪዎች ለምን ደብረ ማርያም ጀልባ ላይ ጫናቸው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ለሚሄዱ ጀልባዎች የተሳፋሪ መመዝገቢያ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እየሠራሽ ነው። የዘጌዋ ጀልባ በትክክል ትመዘገባለች። የደብረ ማርያሟን ስትጀምሪ ግን የዘጌ ሰዎች ቀድመው ገብተው ታገኛቸዋለሽ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ይስተካከላል። «የትም ያልተጻፈ የፓይተን ጉድ ነው ወይስ የላፕቶፔ?» ብለሻል።

ላፕቶፕሽ ጤነኛ ነው። ነገሩ ያለው የፈንክሽንሽ (በስሙ እየተጠራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው፦ «ዴፍ መዝግብ(ስም, ዝርዝር=[])» ያልሽው ጋ። ዴፍ ፈንክሽን የሚፈጥር ትእዛዝ ነው፤ [] ደግሞ ባዶ ሊስት፣ ማለትም ባዶ ዝርዝር ነው። ፈንክሽኑን ስትጠሪ ምንም ካልሰጠሽው ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን ይወስዳል፤ ይህ ዲፎልት ይባላል።

እዚህ ከተማ ፓይተን ሳስጠና ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። ተማሪው ዴፍን ሲያይ «ይህ ለኋላ የሚሆን መግለጫ ነው፣ አሁን ምንም አይሠራም» ብሎ ያልፈዋል። ፓይተን ግን ዴፍንም እንደ ሌላው ትእዛዝ ይፈጽመዋል። እዚያ መስመር ሲደርስ ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን ያሰላል። ውጤቱን ከፈንክሽኑ ጋር ያስቀምጠዋል። በቃ። ፈንክሽኑ ሺህ ጊዜ ቢጠራ ያ ስሌት አይደገምም። ያቺ ባዶ ሊስት አንዲት ብቻ ናት ማለት ነው። ወደቡ ላይ አንድ ደብተር አንጠልጥሎ የሁሉንም ጀልባ ተሳፋሪ እዚያው ላይ እንደመጻፍ ነው።

አንቺ ለእያንዳንዱ ጀልባ የመጀመሪያውን ሰው ስትመዘግቢ ሊስት ሳትሰጪ ትጠሪዋለሽ፤ ከዚያ የመለሰልሽን ይዘሽ ትቀጥያለሽ። ስለዚህ ሁለቱም ጀልባዎች የያዙት ያንኑ ሊስት ነው። እስቲ የዘጌዋን ተመልሰሽ እዪ፤ የደብረ ማርያም ሰዎች እሷም ውስጥ ገብተዋል። መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ እንደገና ሲከፈት ዴፍ በአዲስ ይፈጸማል፣ አዲስ ባዶ ሊስትም ይፈጠራል። የተስተካከለ የመሰለሽ ለዚህ ነው። ይህን ሳትፈቺ እንዳታልፊ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ጣና ሲናወጥ፣ ማን የትኛው ጀልባ ላይ እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ዝርዝር ነው።

በዓይንሽ ማረጋገጥ ከፈለግሽ የፈንክሽኑን ስም ጻፊ፣ ነጥብ አድርጊ፣ ከዚያ ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ያለውን ዲፎልትስ ጨምሪና አሳትሚው። ሰው ከመመዝገብሽ በፊት ባዶ ሊስት ያሳይሻል። ከመዘገብሽ በኋላ እዚያው ውስጥ ስሞቹን ታገኛለሽ።

መፍትሔው አጭር ነው። በዲፎልት ሊስት ሳይሆን ኖን («ምንም የለም» የሚለውን) ስጪው። ከዚያ ፈንክሽኑ ውስጥ ገብተሽ «ኢፍ ዝርዝር ኢዝ ኖን» ከሆነ አዲስ ባዶ ሊስት ፍጠሪ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ! ብዙዎች ለማሳጠር «ኢፍ ኖት ዝርዝር» ይላሉ። ይህ ሌላ ችግር ይወልዳል። ፓይተን ባዶ ሊስትንም እንደ «የለም» ይቆጥረዋል። አንድ ሰው ሆን ብሎ የራሱን ባዶ ሊስት ቢሰጥሽ፣ ፈንክሽኑ ያንን ትቶ ሌላ ይፈጥራል፤ የሰውየው ሊስት ባዶውን ይቀራል። ኤረርም (የስሕተት መልእክት) አይመጣም። ስለዚህ «ኢዝ ኖን» ብለሽ በግልጽ ጻፊው።

ሊስት ብቻ አይደለም። ዲክሽነሪም (ስምን ከዋጋው ጋር የሚይዘው) «ሴት» የሚባለውም (የማይደጋገሙ ነገሮች ስብስብ) ያው ናቸው። ቁጥር፣ ጽሑፍና ታፕል (የማይቀየር ዝርዝር) ግን ባሉበት ስለማይለወጡ አያሰጉም። ከሁሉም ይልቅ ተደብቆ የሚቆየው የሰዓት ነገር ነው። ትኬት መቁረጫው ላይ ሰዓቱን በዲፎልት «አሁን» ብለሽ ከሰጠሽው፣ ያ «አሁን» ፕሮግራሙ የተከፈተበት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከከፈትሽው፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ የተቆረጠው ትኬትም 1 ሰዓት ይላል። ለዓሣ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ ስሠራ መጀመሪያ የምፈትሸው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ቀኑ የተሳሳተ የቆሮሶና የአምባዛ ሽያጭ ወር ላይ ሲደመር ማንም አያገኘውም።

አሁን ደግሞ ይኸው ጠባይ የሚጠቅምበትን ላሳይሽ። ቀጥለሽ የመድረሻ ቁልፎችን በቲኪንተር (መስኮትና ቁልፍ በሚሠራው የፓይተን መሣሪያ) እንደምትሠሪ ጽፈሻል። በሉፕ (በድግግሞሽ ትእዛዝ) ዘጌ፣ ደብረ ማርያም፣ ክብራን፣ ደቅ እያልሽ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ብትሰጪ፣ ሁሉም ቁልፎች የደቅን ትኬት ይቆርጣሉ። ላምዳው የሉፑን ስም የሚያየው ቁልፉ ሲጫን ነው፤ ያኔ ሉፑ አልቆ የመጨረሻው ላይ ቆሟል። «ላምዳ መድረሻ=መድረሻ» ብለሽ ብትጽፊ ግን ዲፎልቱ ላምዳው በተፈጠረበት ቅጽበት ይሰላል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን መድረሻ ይይዛል። ቁልፉን ከላምዳው ጋር ለማያያዝ በኮማንድ ፋንታ ባይንድ ከተጠቀምሽ ግን ቲኪንተር ኢቨንት የሚባል አርጉመንት (ለፈንክሽን የሚሰጥ ነገር) ይልካል፤ እሱ መጥቶ መድረሻሽ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ኢቨንትን አስቀድመሽ መድረሻን አስከትይ።

የአርጉመንት ስሞችን በአማርኛ መጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ ይፈቅደዋል። ግን እንደኛ «ሰ»ና «ሠ»ን፣ «አ»ና «ዐ»ን አንድ አድርጎ አያይም። ፈንክሽኑ ላይ «ዓሣ» ብለሽ ሰይመሽ ስትጠሪው «አሳ=5» ብትዪ የማላውቀው አርጉመንት መጣ ብሎ ይቆማል። ይህ እንኳ ደግ ነው። ፈንክሽንሽ በሁለት ኮከብ (**) ማንኛውንም ስም የሚቀበል ከሆነ ግን ዝም ብሎ ይውጠዋል፤ «ዓሣ» ዲፎልቱን እንደያዘ ይቀራል። አንድ አጻጻፍ መርጠሽ በዚያ ጽኚ።

«የትም ያልተጻፈ» ላልሽው፣ ተጽፏል። የፓይተን ይፋዊ መማሪያ ስለ ዲፎልት በሚያወራበት ክፍል «ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ» ብሎ የሊስቱን ነገር በምሳሌ ያሳያል። ብዙዎቻችን የምንማረው ግን ከአጫጭር ቪዲዮና ከተቀባበልነው ማስታወሻ ስለሆነ እዚያ ገጽ አንደርስም። ከጃቫስክሪፕት (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) የመጣ ሰው ደግሞ የበለጠ ይደናገራል፤ እዚያ ዲፎልቱ ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰላል። እኔ በበኩሌ ፓይተን ቢያንስ ኤረር ቢሰጥ እመርጥ ነበር። በፓይተን 3.7 የመጣው ዳታክላስ (መረጃ መያዣ የሚያዘጋጅ መሣሪያ) ሊስት በዲፎልት ስትሰጪው እምቢ ይላል፤ ተራው ዴፍ ግን ዝም ነው። ስለዚህ ፓይሊንትን (የፓይተን ኮድ የሚፈትሽ ፕሮግራም) ጫኚና ኮድሽን አስፈትሺው፤ እንዲህ ያለውን ዲፎልት «አደገኛ» ብሎ መስመሩን ይነግርሻል።

ዋጋ የሚያሰላውን ፈንክሽን አልለጠፍሽውም። ከጥያቄሽ እንደገባኝ የቡድን ቅናሹን በዲፎልት ዲክሽነሪ ውስጥ ነው የያዝሽው። አንዱ ደንበኛ ላይ ቅናሹን ስትቀይሪ ከሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ይቀየርባቸዋል። እሱንም ለጥፊው፣ ማታ አየዋለሁ።