ዘመድ የለኝም ላልሽኝ ልጅ

ባለፈው ከደብረ ማርቆስ በሲቪል ምህንድስና ተመርቃ አዲስ አበባ የገባች ልጅ "ጋሼ እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም፣ ኔትወርክ እንዴት ነው የሚፈጠረው?" ብላ ጻፈችልኝ። ሲቪ አሳምሩ ሊንክድኢን ክፈቱ ምናምን የሚለውን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ አልገባበትም። ጥያቄዋ ግን ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ከአምስት ኪሎ ምህንድስና ተመርቄ እንደወጣሁ ካዛንቺስ የሚሠራ ፎቅ ላይ ሳይት መሐንዲስ ሆንኩ (ካዛንቺስ ራሷ አሁን ፈርሳ ሌላ ሆናለች፣ ሳልፍባት መንገዱ ይጠፋኛል)። ሥራዬ አርማታ ሲሞላ ቆሞ ማየት፣ ኪዩብ (ጥንካሬው እንዲፈተሽ በሣጥን ቅርጽ የሚሞላ የአርማታ ናሙና) ማስወሰድ፣ ከዛ በ7 እና በ28 ቀኑ ላብራቶሪ ሲሰበር ውጤቱን ይዞ መምጣት ነበር። ሳይቱ ላይ ዕቁብ አለ። ፎርማኑ፣ አናጢዎቹ፣ ፌሮ ሠራተኞቹ፣ ስቶር ኪፐሯ ሳትቀር ይጥላሉ። ቅዳሜ ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ሻይ ተፈልቶ፣ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተጠቅልሎ በፎርማኑ ኮፍያ ውስጥ ይናጥና ዕጣ ይወጣል። "ኢንጂነር አንተስ አትገባም?" ይለኛል ፎርማኑ ሁሌ፣ እኔ ደሞ ሥራ አለብኝ ብዬ እወጣለሁ፣ ምን ሥራ፣ ፒያሳ ሄጄ ቶሞካ ቆመው ቡና ከሚጠጡ ኃላፊዎች መሐል ልታይ ነበር የምጣደፈው፣ ቢዝነስ ካርድ ስቀበል ሥራ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

በ1997 ገደማ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር እነዛ የዕቁብ ሰዎች ተጠራርተው ገቡበት። ፎርማኑ ሰብ ኮንትራክተር ሆነ፣ ፌሮ ሠራተኛው የራሱን ሠራተኞች ይዞ መጣ፣ ስቶር ኪፐሯ ዕቃ ማቅረብ ጀመረች፣ ሲሚንቶ በጠፋ ሰዓት አንዱ ለአንዱ ያበድራል። እኔ ያኔ ሥራ ለቅቄ መሳቢያ ሙሉ ካርድ ይዤ እደውላለሁ፣ የሚያነሳ የለም። ፎርማኑን ለቅሶ ቤት አገኘሁት፣ አገላብጦ ሳመኝና "ኢንጂነር ጠፋህ እኮ" አለኝ። ስልኩን እንኳን ይዤ አላውቅም ነበር።

የዛሬ ልጆች ደሞ ትብሳላችሁ መሰለኝ፣ ኢቨንት ሄዳችሁ ከተናጋሪው ጋር ሰልፊ ትነሱና አጠገባችሁ የተቀመጠውን ስሙን ሳትጠይቁ ትወጣላችሁ። ትልቅ ሰው ማሳደድ ዋጋ የለውም። እርግጥ እኔም በኋላ ኮንሰልታንት ቤት የገባሁት በአንድ ትልቅ ሰው ስልክ ነው፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ግን ሰውየው ያወቀኝ የኪዩብ ውጤት ሳመላልስ የሚያየኝ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ስሜን አንስቶለት ነው። "ሁሉም በዘመድ ነው" የምትሉትም ግማሹ እውነት ነው፣ አልከራከርም።

አንቺ ግን ዘመድ የለኝም ያልሽው ዶርም አብረውሽ የነበሩትን ረስተሽ ነው። የባችሽን ቴሌግራም ግሩፕ ሚዩት አድርገሽው ከሆነ ክፈቺው፣ ማን የት ሳይት እንደገባ እወቂ፣ ሲያማቸው ጠይቂ፣ ለቅሶ ሲኖርባቸው ድረሺ፣ ሥራ ስትፈልጊ ብቻ አትደውዪ። የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ስብሰባ ካገኘሽም ሂጂ፣ ንግግሩ ቢያሰለችሽ እንኳን ለሻይ ዕረፍቱ ቆዪ፣ የትኛው ፕሮጀክት ሰው እንደሚፈልግ የሚወራው እዛ ነው።