የሽሮው ዋጋና የጣርማበሩ ዳገት፦ ጥያቄና መልስ

በመንገድ ጥገና ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ምግብ ቤት አላት። ስለዚህ የምግብ ዋጋንና መንገድን ነጥዬ ማየት አይሆንልኝም። ለጥያቄዎቻችሁ መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤፉ የሚመጣው ከምንጃር ነው፤ ምንጃር ደግሞ የዞናችን፣ የሰሜን ሸዋ፣ ወረዳ ነው። ታዲያ እንጀራ ደብረ ብርሃን ላይ ለምን ተወደደ?

መልስ፦ በካርታ አንድ ዞን ነን፤ በመንገድ ግን ሌላ ነው። ምንጃር ሸንኮራ በዞኑ ደቡባዊ ጫፍ ስላለ ከእኛ ይልቅ ለሞጆና ለአዳማ ይቀርባል። ነጋዴው መንገድ ወደቀናው ገበያ ይወርዳል፤ እኛ ጋ ሲደርስ የጭነቱና የጫኝ አውራጁ ሒሳብ ተደምሮበት ነው።

ጥያቄ፦ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትስ? ቅርባችን አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቅርብ ነው፤ ግን ዳገት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ እኛ ሲመጣ የሚታለፈው የጣርማበር ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አይሱዙው ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ደብረ ሲናን ያልፍና ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ይሾልካል። ነዳጁን የሚበላው ያ ዳገት ነው። ክረምት ላይ ናዳ መንገድ ከዘጋ ቲማቲሙ ሳጥኑ ውስጥ ይፈርጣል፤ የፈረጠው ዋጋ በደኅናው ላይ ይጫናል። ጉድጓድ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመውን የብረት ሞላ) በሰበረ ቁጥርም የጭነት ኪራዩ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ባለ ምግብ ቤቶቹስ ስግብግብ አይደሉም?

መልስ፦ አንዳንዱ ይሆናል። የባለቤቴን የሒሳብ ደብተር ግን በየማታው አያለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ፓልም ዘይቱም ነዳጁም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሥጋ ሲወደድ ደንበኛ ወደ ሽሮ ይሸሻል፤ ዘይትና ሽንኩርት ሲወደዱ ግን ሽሮም መሸሻ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አስፋልቱ ለምን ሁለት ክረምት አይችልም?

መልስ፦ በውሃ ምክንያት። አስፋልት የሚሞተው ከሥሩ ነው። የመንገዱ ዳር ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው ወደ መሠረቱ ይገባል። ጥቁር አፈራችን ደግሞ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ከልኩ በላይ የጫነ መኪና ይመጣል፦ በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በአንድ ቀን የአካፋ ሥራ ይተርፍ የነበረ መንገድ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ሲሠራ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ለጥገና የምንከፍለው ገንዘብ አለ?

መልስ፦ አለ። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ ለጥገና ገንዘብ ይሰበስባል። ሽንኩርቱን ያመጣው ሾፌር ከፍሏል፤ እናንተም በምሳችሁ ሒሳብ ውስጥ ከፍላችኋል። ስለ ጉድጓዱ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት ልከፍት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ዳገት ሳይወጣ ከሚመጣው ጀምሪ፦ ድንች፣ ባቄላ፣ ገብስ። ጤፉን ከገብስ ቀላቅለሽ መጋገር ትችያለሽ፤ ደንበኛሽ ግን ይወቀው።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ቦይ ተደፍኗል። መዘጋጃ ቤቱን እንጠብቅ ወይስ እንጥረገው?

መልስ፦ ፎቶ አንሥታችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቀን ያለበት ቅጂ እጃችሁ ላይ ይቅር። ሰኔ ሳይገባ ካልመጡ እናንተው ጥረጉት። ደለሉን ግን ቦዩ ዳር አትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ውሃውን በመንገዱ ሥር የሚያሳልፈውን ቱቦም ሁለቱንም አፍ ክፈቱ፤ አንዱ ብቻ ከተከፈተ ውሃው መንገዱ ላይ ይተኛል።