ስለ ላይፕሲጉ የጥጥ ፋብሪካ፦ ስለ ሥዕል ባያውቁም ይሂዱ

ሰላም እህታችን። «ከልጄ ጋር ቅዳሜና እሁድን ጀርመን አገር፣ ላይፕሲግ ከተማ ልናሳልፍ ነው፤ ሽፒነራይ የሚባለውን የድሮ ፋብሪካ እዩት ብለውኛል፤ ስለ ሥዕል ግን ምንም አላውቅም፤ ቀኔን ላጥፋበት ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ እርስዎም ይሂዱ። ብቻ ከሥዕሉ በፊት ፋብሪካውን ይመልከቱት።

ሽፒነራይ ማለት መፍተያ ቤት ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ተመሠረተና በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ከብሪታንያ በስተቀር በአውሮፓ የሚወዳደረው የጥጥ ፈትል ፋብሪካ አልነበረም። 240,000 ያህል እንዝርት ይሽከረከርበት፣ 4,000 ያህል ሠራተኛ ይገባበት ነበር። የሠራተኞች መኖሪያው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ የአትክልት ቦታው ሁሉ አብሮ የተሠራ ስለሆነ ግቢው አንድ ትንሽ ከተማ ይመስላል። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ እናቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። ከማታ ፈረቃ ስትመለስ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ ተጣብቆ ይታየኝ ነበር፤ ቤት ስትሆን ደግሞ ለነጠላዋ በእጇ ትፈትላለች። 240,000 የሚለውን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ያቺ የእናቴ አንድ እንዝርት ትዝ አለችኝና ለረጅም ጊዜ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

ጥጡ ከየት ይመጣ እንደነበርም ለልጅዎ ይንገሯት። ኩባንያው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ጀርመን ቅኝ በያዘችው ምሥራቅ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ የራሱ የጥጥ እርሻ ነበረው። በአዳራሾቹ ስዞር ስለ ሥዕሎቹ ዋጋ ሲወራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያንን ጥጥ የለቀሙትን እጆች የሚያነሳ ሰው ግን አንድም ቀን አልገጠመኝም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ እኔ ይዤ የሄድኩትን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሃዱ በኋላ በ1990ዎቹ የፈትሉ ሥራ ቆመና ሠዓሊዎች ባዶውን አዳራሽ በርካሽ እየተከራዩ ገቡ። ምክንያታቸው ሲገቡ ይገባዎታል፦ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ መስኮቱ ግድግዳ ያህላል፣ ወለሉም ከባድ ማሽን እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ ለቀራፂ ድንጋይ አይሰጋም። ዓለም የሚያውቀው ሠዓሊ ኔዎ ራውኽም ስቱዲዮው እዚያ ነው። በ2005 ትልልቆቹ ጋለሪዎች ተከትለው መጡ፤ ዛሬ ከመቶ የሚበልጡ ሠዓሊዎች በግቢው ይሠራሉ።

የሚሄዱት ቅዳሜ ይሁን። አብዛኞቹ ጋለሪዎች እሁድና ሰኞ ዝግ ናቸው፤ እኔ መጀመሪያ ሰኞ ሄጄ የተዘጋ በር ቆጥሬ ተመልሻለሁ። ወደ ጋለሪዎቹ ለመግባት ክፍያ የለም፤ ገብቶ ዝም ብሎ ማየትም ነውር አይደለም። በጸደይና በመስከረም «ሩንድጋንግ» የሚሉት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ሠዓሊዎቹም የሥራ ክፍላቸውን ይከፍታሉ። ሕዝቡ ይበዛል፤ ያም ሆኖ ቀለም የተንጠባጠበበት ወለል ላይ ቆሞ ሠሪውን ራሱን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ስለሚቻል፣ ስለ ሥዕል አላውቅም ለሚል ሰው ከዚያ የተሻለ ቀን አላውቅም።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ በከተማ ባቡር ፕላግቪትስ ይውረዱ፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ግቢው ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ፣ የድሮው የባቡር ሐዲድም እዚያው መሬት ውስጥ ስላለ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ለሁለት ሰዓት ብለው ከሄዱ አይበቃዎትም፤ ግማሽ ቀን ይያዙ።

ሲጨርሱ ወደ ካርል ሃይነ ቦይ ወርደው በውኃው ዳር ይሂዱ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት የመጡ ብዙ ወገኖቻችን ጀርመንኛ የተማሩት እዚሁ ከተማ፣ ሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። ከእነሱ አንዱን፣ አንድ ታላቅ ወንድማችንን፣ ባለፈው ዓመት ወደዚያ ይዤው ሄድኩ። በእሱ ዘመን የከሰል ጭሱ ልብስ ያጠቁር እንደነበር እየነገረኝ፣ አሁን በጀልባ የሚቀዝፉትን ልጆች ቆሞ ሲያይ ቆየ።

ልጅዎ መሳል የምትወድ ከሆነ ደግሞ በግቢው ውስጥ ትልቅ የሥዕል ዕቃ መደብር አለ። ሳይዘጋ ይድረሱበት።