የጡረታ ጥያቄና መልስ፦ ማኅደሩ በሕይወት ሳሉ ይስተካከል

በዚህ ሳምንት የምመልሳቸው ጥያቄዎች ከጎንደር ከተማና ከአካባቢው ወረዳዎች የደረሱኝ ሲሆኑ፣ ሁሉም የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ የሚመለከቱ ናቸው። መልሶቹ የተመሠረቱት በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ላይ ነው። ደብዳቤዎቹ ረጃጅም ስለነበሩ ፍሬ ሐሳባቸውን ብቻ አስቀምጫለሁ።

በሆስፒታል 22 ዓመት ያገለገሉ ነርስ፦ የዲዩቲ ክፍያዬ፣ ማለትም ከመደበኛ ሰዓት ውጪ ተረኛ ሆኜ የምሠራበት ክፍያ፣ ከደመወዜ ብዙም አያንስም። ጡረታዬ ሲሰላ አብሮ ይያዝልኛል?

አይያዝም። ለጡረታ ስሌት መሠረት የሚሆነው መደበኛው የወር ደመወዝ ብቻ ነው። የዲዩቲ ክፍያም ሆነ ሌላ አበል የጡረታ መዋጮ አይቆረጥበትም። ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ 11 በመቶ የሚከፈለውም ከዚሁ ከመደበኛው ደመወዝ ተሰልቶ ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ22 ዓመት አገልግሎት የሚደርስዎት 45 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። የኑሮዎን ወጪ በዲዩቲ ገቢ ለክተው ከሆነ፣ ጡረታ ሲወጡ የሚጎድለው ብዙ ስለሆነ ቁጠባውን ከዛሬ ይጀምሩ።

ከአዘዞ አንድ ሠራተኛ፦ ስልሳ ሞልቶሃል ተብዬ ልሰናበት ነው። እውነተኛ ዕድሜዬ ግን 57 ነው። አዲስ የልደት የምስክር ወረቀት ባወጣ ይታረምልኛል?

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ መልሱም አልተለወጠም። ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ ያስመዘገበው ነው። በመሰናበቻ ዋዜማ የሚወጣ ማስረጃ ይህን አይሽረውም። ስለዚህ በአዲስ ወረቀት ገንዘብና ጊዜ አያባክኑ። ይልቅስ የሰው ሀብት ክፍሉን ማኅደርዎን እንዲያሳይዎ ይጠይቁና መጀመሪያ የሞሉትን ቅጽ በዓይንዎ ይዩት። በዚያ ቅጽ ላይ የሰፈረው ዓመተ ምሕረት ሲገለበጥ ተሳስቶ ከሆነ ክርክርዎ መሠረት አለው፤ ካልሆነ ግን የለውም።

ከዳባት አንዲት እናት፦ ባለቤቴ 28 ዓመት ያስተማረ መምህር ነበር፤ በሥራ ላይ እያለ ዐረፈ። ጋብቻችን በቁርባን ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት ያወጣነው ወረቀት የለንም። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ወንድሞቹ «ጡረታው የእናታችን ውርስ ነው፤ ለእኛም ድርሻ አለን» ይሉኛል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የጋብቻ ማስረጃ አምጪ አለኝ። ምን ላድርግ?

እግዚአብሔር ያጽናዎት። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ጡረታ ውርስ አለመሆኑን ነው። ቤቱ፣ ከብቱና በባንክ ያለው ገንዘብ በውርስ ሕግ ይከፋፈላል፤ የተተኪዎች ጡረታ ግን የሚከፈለው የጡረታ አዋጁ ለዘረዘራቸው ሰዎች ብቻ ነው። እነርሱም የሟች የትዳር ጓደኛ፣ በአዋጁ የተወሰነው ዕድሜ ያልሞላቸው ልጆች፣ እንዲሁም በሟች ድጋፍ ይተዳደሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። ወንድምና እህት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሟች ራሱ ጡረታዬ ለእገሌ ይሁን ብሎ ቢናዘዝ እንኳ ኑዛዜው ይህን አይለውጠውም።

ሒሳቡን በምሳሌ ልግለጽልዎ። የባለቤትዎ የመጨረሻ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 9,000 ብር ነበር እንበል። በ28 ዓመት አገልግሎት የሚያገኘው ጡረታ 52.5 በመቶ፣ ማለትም 4,725 ብር ይሆን ነበር። ከዚህ ላይ ለእርስዎ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል፤ ይኸውም 2,362 ብር ከ50 ሳንቲም ለእርስዎ፣ 945 ብር ለእያንዳንዱ ልጅ ነው። አማትዎ በልጃቸው ይጦሩ ከነበረና ይህ ከተረጋገጠ ለእሳቸውም 15 በመቶ ይታሰባል፤ ድምሩ ከ100 በመቶ ስለሚያልፍም የሁላችሁም ድርሻ ተመጣጥኖ ይቀነሳል። አማትዎ ሊጠይቁ የሚችሉት ይህንኑ ነው፤ ይህንንም ቢጠይቁ መብታቸው ስለሆነ ቅር ሊሰኙባቸው አይገባም።

የጋብቻውን ማስረጃ በተመለከተ፣ በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ዘንድ ጋብቻ ነው። የጎደለው ጋብቻው አይደለም፤ ማስረጃው ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ ከመዝገብ የሚሰጡት ማስረጃ ካለ ይዘው ወደ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በዚያ ካልተቻለ ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን የንስሐ አባታችሁ፣ ጎረቤትና ዘመድ መስክረው ፍርድ ቤት ጋብቻው መኖሩን በውሳኔ ሊያረጋግጥልዎ ይችላል። ለዚህ ግን ብቻዎን አይቁሙ፤ አጥብቄ የምለምንዎ ይህንን ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ በር ላይ በሚጽፍልዎ አንድ ገጽ ተማምነው ችሎት አይግቡ፤ አቤቱታው ውርስ ነው የጡረታ ማስረጃ ነው ሳይለይ ቀርቦ ጊዜ የሚያባክን ጉዳይ ብዙ ነው። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ ወደዚያ ይሂዱ። የጡረታ ጥያቄዎንም ፍርዱ እስኪመጣ አያቆዩት፤ ያልተጠየቀ ውዝፍ በይርጋ፣ ማለትም በሕግ የተወሰነው የመጠየቂያ ጊዜ በማለፉ፣ ሊታገድ ይችላልና ማመልከቻዎን አስገብተው የተቀባይነት ማረጋገጫ ይያዙ። ጡረታውን የሚወስነው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ጥያቄዎን ውድቅ ካደረገ ደግሞ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ማለት ይቻላል፤ የይግባኙ ጊዜ የተገደበ ስለሆነ ውሳኔው በደረሰዎ ቀን ቀኑን መዝግበው ይያዙ።

ይህን ሁሉ መንከራተት ሟች በሕይወት ሳለ ሊያስቀረው ይችል ነበር፤ ይህን የምለው ባለቤትዎን ለመውቀስ ሳይሆን አሁን በሥራ ላይ ላሉት ነው። በማኅደራችሁ ውስጥ የትዳር ጓደኛችሁ ስም አለ? የልጆቻችሁ የልደት ማስረጃ ተያይዟል? ሚስቱ በቤት «እታለማሁ» ተብላ በመታወቂያዋ ሌላ ስም ያላት፣ ልጁ በትምህርት ቤት በአያቱ ስም የተመዘገበ ሠራተኛ ስንት ነው! የስም ልዩነትን ባለቤቱ በሕይወት እያለ በአንድ ጠዋት ሊያስተካክለው ይችላል፤ ከሞተ በኋላ ግን ሐዘንተኛዋን ከቀበሌ ቀበሌ ያመላልሳታል።

ጡረታ ወጥቼ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ልጄ ዘንድ ብሄድ ክፍያው ይቋረጥብኛል?

አይቋረጥም።

ከፒያሳ አንድ ወጣት፦ በሆቴል 6 ዓመት ሠርቼ አሁን መንግሥት ቀጥሮኛል። ያ 6 ዓመት ቀረ?

በእነዚያ ዓመታት ሆቴሉ የጡረታ መዋጮዎን ገቢ አድርጎ ከነበረ አልቀረም። የግል ድርጅቶች ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በዚያ የተሸፈነ አገልግሎት ከመንግሥት አገልግሎት ጋር ይደመራል። ከደመወዝዎ ተቆርጦ ሆቴሉ ገቢ ሳያደርገው ቀርቶ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ይህን የሚነግርዎት የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ስለሆነ የጡረታ መለያ ቁጥርዎንና የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ይዘው እዚያ ያጣሩ። ሆቴሉ ሳይዘጋ ወይም ባለቤቱ ሳይቀየር በዚህ ወር ቢያደርጉት ይሻላል።