የዓይን ቆብ ሕመምና ባዶ ኪስ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ቦታ በፓርት ታይም አረጋውያን እንከባከባለሁ፤ ሁለቱም ኢንሹራንስ አይሰጡም። የዓይኔ ቆብ ጠርዝ መቅላትና ማሳከክ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጠዋት ስነቃ ሽፋሽፍቴ ተጣብቆ፣ ሥሩ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነገር ይዞ አገኘዋለሁ። ቡጉንጅም ይመላለስብኛል። አርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚታከሙበት ክሊኒክ) በሄድኩ ቁጥር የአንቲባዮቲክ ጠብታ ይሰጡኛል፤ ሳምንት ሻል ይለኝና ይመለሳል። የዓይን ስፔሻሊስት ጋ ደውዬ የመጀመሪያ ቀን ዋጋውን ስሰማ ስልኩን ዘጋሁት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የዘረዘሩት ምልክት በብዛት ብሌፋራይተስ ከሚባለው ሥር የሰደደ የዓይን ቆብ ጠርዝ ብግነት ጋር ይገጥማል። እርግጡ የሚታወቀው በማጉያ መሣሪያ ሲታይ ነው። ከሆነም፣ ይህ ሕመም አንዴ ታክሞ የሚገላገሉት ሳይሆን በየዕለቱ እንክብካቤ ተይዞ የሚኖር ነው። ለገንዘብዎ መልካም ዜናው ይኸው ነው፤ ስፔሻሊስት ቤት መመላለስ አይጠበቅብዎትም። አንድ በደንብ የተዘጋጁበት ምርመራ፣ የሕመሙ ስም በጽሑፍ፣ ከዚያም በቅርብ ክሊኒክ የሚታደስ ማዘዣ ይበቃዎታል።

ጠብታው ያልያዘልዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ከእንባ ጋር ታጥቦ ይሄዳል፤ ችግሩ ያለው ግን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ቆቡ ጠርዝ ላይ ነው። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ የቅባት ዕጢዎች አሉ። ከእነሱ የሚወጣው ቅባት እንባ ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። እንደቀለጠ ቅቤ መፍሰስ ሲገባው እንደረጋ ቅቤ ሲቆም ዕጢው ይዘጋል፣ ዓይን ይደርቃል፣ ቡጉንጅም ይወጣል። ሌላው ምክንያት ዴሞዴክስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተባይ ነው። የሽፋሽፍት ሥር ውስጥ ይኖራል፤ ምልክቱም ሽፋሽፍቱን እንደ ቀለበት የከበበ ፎረፎር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

ወዴት ይሂዱ? መጀመሪያ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ የኮሚኒቲ ጤና ጣቢያ ይፈልጉ። እነዚህ ጣቢያዎች በሕግ በገቢ ልክ የሚቀንስ ክፍያ፣ ሰዉ «ስላይዲንግ ፊ» የሚለውን፣ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ገቢዎ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር የማይበልጥ ከሆነ በነፃ ወይም በጣም ትንሽ ክፍያ ይታያሉ፤ እስከ መስመሩ እጥፍ ድረስ ደግሞ በደረጃ ይቀነሳል። መስመሩ በ2025 ለአንድ ሰው በዓመት 15,650 ዶላር፣ ለአራት ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ይሻሻላል። እርስዎ ባሉበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አዋቂዎች ሞንትጎመሪ ኬርስ የሚባል የክሊኒኮች መረብ አለ። ሲደውሉ «የዓይን ሐኪም አላችሁ? ከሌላችሁ ወዴት ነው ሪፈር የምትሉት?» ብለው ከቀጠሮው በፊት ይጠይቁ። መታወቂያ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶች፣ ማለትም ፔይስታቦች (ከሁለቱም ሥራ) ወይም የታክስ ወረቀት ይያዙ። የቤተሰብዎን ቁጥር በትክክል ይሙሉ፤ አንድ ልጅ ሳይጻፍ ከቀረ የቅናሹ ደረጃ ይለወጣል። ብዙ ሰው ቅናሽ የሚያጣው ብቁ ሳይሆን ቀርቶ ሳይሆን ወረቀት ጎድሎበት ነው።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ከሆነ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ተቋም አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ» ብለው ያስመዝግቡ። ልጅን ማስተርጎም ይቅር፤ የመድኃኒት መጠን በልጅ አፍ ሲያልፍ ይዛባል።

ጤና ጣቢያው የዓይን ክፍል ከሌለው፣ ለብሌፋራይተስ ኦፕቶሜትሪስት የሚባለው የዓይን ምርመራ ባለሙያ ይበቃል። ብዙ ሰው መነጽር ብቻ የሚለካ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የቆብ ብግነትን መርምሮ መድኃኒት ያዝዛል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከስፔሻሊስቱ ያንሳል። የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት ክሊኒክ በአካባቢዎ ካለ ከዚህም ሊቀንስ ይችላል። ሲደውሉ «ስንት ነው?» ብቻ አይበሉ። «ኢንሹራንስ የለኝም፣ ራሴ ነኝ የምከፍለው፤ ለአዲስ ታካሚ 92002 ስንት ነው? 92004ስ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው አጠር ያለ፣ ሁለተኛው ሙሉ የዓይን ምርመራ ኮድ ነው። 92015 የመነጽር ልኬት ነው፤ መነጽር ካልፈለጉ እንዳይሠሩት አስቀድመው ይንገሯቸው። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ የሌለው ታካሚ የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው። ቀጠሮው ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀናት ቀድሞ ከተያዘ ግምቱ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ሊደርስዎ ይገባል። የመጨረሻው ሂሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ሂሳቡ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይችላሉ። ወረቀቱን አይጣሉት።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት የዓይን ቆብዎን አያጽዱ፤ ኩልም ማስካራም አይቀቡ። ሐኪሙ ማየት ያለበት የሽፋሽፍቱን ሥር እንዳለ ነው። እስካሁን የተሰጡዎትን ጠብታዎች ሁሉ በላስቲክ አድርገው ይውሰዱ። ዕጢዎቹን ተጭኖ ቅባቱን እንዲያይ፣ የዴሞዴክስ ምልክት መኖሩን እንዲነግርዎት፣ የፊትዎን ቆዳም እንዲያይ ይጠይቁ፤ ሮዜሺያ የሚባለው የፊት ቆዳ ሕመም ይህን ያባብሳል፣ በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ ስለማይጎላ በቀላሉ ይታለፋል። ሲጨርሱ የምርመራውን ወረቀት ኮፒ ይዘው ይውጡ። በዚያ ወረቀት የጤና ጣቢያዎ ጠቅላላ ሐኪም ማዘዣውን ሊያድስልዎት ይችላል። እዚያው በሙቀት መሣሪያ ወይም በብርሃን የሚሠራ የሕክምና ፓኬጅ ቢያቀርቡልዎት ለጊዜው «አስቤበት» ይበሉ። ለአንዳንዱ ሰው ይጠቅማል፤ ግን ውድ ነው፣ የቤት እንክብካቤውንም አያስቀርም።

የቤት እንክብካቤው ጠዋትና ማታ ነው፤ ሦስት ነገር አለው። መጀመሪያ ሙቀት፤ ለ10 ደቂቃ ያህል። እርጥብ ፎጣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ መላልሶ ማሞቅ ይጠይቃል፤ ብዙዎች የሚያቅታቸው እዚህ ነው። በማይክሮዌቭ የሚሞቅ የዓይን ማስክ ይሻላል፤ ነገር ግን አውጥተው ይነቅንቁትና በእጅ አንጓዎ ውስጠኛ ቆዳ ይሞክሩት። እዚያ ካቃጠለ ለዓይን ቆብ አይሆንም። ቀጥሎ ማሸት፦ ዓይንዎን ጨፍነው በንጹሕ ጣት የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ በቀስታ ይሳቡ። የዓይን ኳሱን መጫን አይደለም። መጨረሻ ጽዳት፦ ሃይፖክሎረስ አሲድ 0.01 በመቶ የያዘ የዓይን ቆብ ስፕሬይ በጥጥ ላይ ነፍተው፣ ወይም የተዘጋጀ የቆብ መጥረጊያ ይዘው፣ የሽፋሽፍቱን ሥር ለግማሽ ደቂቃ ወደ ጎን ያሹ። ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱ ጥጥ። ያለ ማዘዣ ፋርማሲ ይገኛሉ። «ቲ ትሪ» የሚባለውን ዘይት ግን ሳይበረዝ ዓይን አጠገብ እንዳያደርሱ፤ የዓይንን ብሌን ሽፋን ያቃጥላል።

ለውጡ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መተው ከስህተቶቹ ሁሉ የተለመደው ነው። ከተሻለዎት በኋላ በቀን አንዴ ይቀጥሉ።

ሐኪሙ የኤሪትሮማይሲን ቅባት ካዘዘ፣ ማታ ከጽዳት በኋላ በቆቡ ጠርዝ ላይ በቀጭኑ ይቀባል። ካልበቃ ዶክሲሳይክሊን በአፍ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊታዘዝ ይችላል። «ርካሹን ጄነሪክ ይጻፉልኝ» ይበሉ፤ ለቆዳ ተብሎ የሚሸጠው ልዩ 40 ሚሊግራም ካፕሱል ዋጋው ሌላ ነው። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይውሰዱት፣ ወዲያው አይተኙ፣ ከወተትና ከብረት ክኒን ጋር አያዋህዱት። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለዴሞዴክስ በጁላይ 2023 የተፈቀደ ሎቲላነር የሚባል ጠብታ አለ፤ በቀን ሁለቴ ለስድስት ሳምንት ይደረጋል። ያለ ኢንሹራንስ ዋጋው ከሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ፣ የአምራቹን የእርዳታ ፎርም ሐኪሙ ቤት ሳይሞሉ ወደ ፋርማሲ አይሂዱ።

ለዚህ ሕመም ድንገተኛ ክፍል መሄድ ትልቅ ሂሳብ አስከፍሎ ያንኑ ቅባት ነው የሚሰጥዎት። ነገር ግን ዓይንዎ በኃይል ካመመ፣ ብርሃን ካላስቻለዎት፣ እይታዎ ከቀነሰ፣ ወይም ቆቡ አብጦ ትኩሳት ካለና ዓይኑን ማንቀሳቀስ ካስቸገረ ስለ ገንዘብ ሳያስቡ ይሂዱ። ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ድንገተኛ ክፍል ሳይመረምርና ሳያረጋጋ በገንዘብ ምክንያት ሊመልስዎት አይችልም። ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ የክፍያ እርዳታ ማመልከቻ አለው፤ የመጀመሪያው ሂሳብ ከደረሰዎት ቀን አንሥቶ 240 ቀን ጊዜ አለዎት። እንዲሁም አንድ ዓይን ላይ ብቻ፣ እዚያው ቦታ የሚመላለስ እባጭ ካለና ሽፋሽፍቱ ከረገፈ፣ ካንሰር አለመሆኑ በናሙና መረጋገጥ አለበት። ከላይ «ስፔሻሊስት ቤት መመላለስ አያስፈልግም» ያልነው ይህን አይጨምርም።

ጥያቄ፦ እናቴ ደቡብ ጎንደር፣ ገጠር ነው የምትኖረው። የዓይኗ ፀጉር ወደ ውስጥ እየበቀለ ይወጋታል፤ በወረንጦ እየነቀለች ነው የኖረችው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል አይደለችም። ባሕር ዳር አምጥቼ በግል ላሳክማት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው።

መልስ፦ ገንዘቡ እስኪሞላ አይጠብቁ። ይህ ትራኮማ ጥሎት የሚሄደው ጠባሳ የሚያመጣው የቆብ መቀልበስ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው በትራኮማ መከላከል ፕሮግራም ውስጥ ስለሆነ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሠራል። መድኅን መኖር አለመኖሩ አያግድም። የሚሠሩትም ለዚሁ የሠለጠኑ የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ ለተለመደው የላይኛ ቆብ መቀልበስ ስፔሻሊስት አይጠይቅም። የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ «ቀዶ ሕክምናው የሚሰጠው በየትኛው ጤና ጣቢያ ነው? ዘመቻውስ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ወጪዎ መጓጓዣና አብሮ የሚሄድ ሰው ነው።

ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ተቆርጦ ወደ ውጭ ይዞርና ይሰፋል፤ በዕለቱ ወደ ቤት ትመለሳለች። ዓይኗ እስከ ማግስቱ ስለሚሸፈን ብቻዋን አትሂድ። ክሩ በራሱ የማይሟሟ ከሆነ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ለዚህ ቀጠሮ አለመመለስ ቁስሉን ያመረቅዛል። ከቀዶው በኋላ 1 ግራም አዚትሮማይሲን አንዴ መዋጥ ፀጉሩ ተመልሶ የመቀልበስ ዕድሉን ይቀንሳል፤ ካልሰጧት ይጠይቁ። ቀዶው ሕመሙን ያስቆማል፣ ብሌኑ ተጨማሪ እንዳይጠባስም ይከላከላል፤ ቀድሞ የጠፋውን ብርሃን ግን አይመልስም። መዘግየቱ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ወረንጦው እስከዚያው ድረስ ይቀጥል ይሆናል፤ ፀጉሩ ከሥሩ ካልወጣና ከመሃል ከተሰበረ ግን የቀረው ጉቶ ከቀድሞው የባሰ ይወጋል። ጫፉ የሚገጥም ወረንጦ፣ ጥሩ ብርሃን፣ የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ይንቀልላት። ከዚህ በፊት ተሠርቶላት የተመለሰ ከሆነ፣ ወይም ዓይኗ ሲጨፈን የማይገጥም ከሆነ፣ በጤና ጣቢያው በኩል ወደ ሆስፒታል ሪፈር ትጠይቅ። የመድኅን ምዝገባው ወቅት ሲከፈት ደግሞ ለሌላው ሕመሟ ያስመዝግቧት፤ ወቅቱ ካለፈ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ለዓይን ቆቤ ማሳከክ ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ጠብታ እየገዛሁ ወራት ሆኖኛል። ወዲያው ነው የሚያስታግሰኝ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ስቴሮይድ ነው፤ ማሳከኩን የሚያስታግሰው ብግነቱን ስለሚያፍን ነው፣ ምክንያቱን አያነሣም። ለሳምንታት ሲደረግ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ሕመም የለውም፣ የሚታወቀው የዓይን ነርቭ ከተጎዳ በኋላ ነው። ሞራም ያስከትላል። አሁን የሚያስፈልግዎት ግፊቱን መለካት ነው፤ ምርመራው ደቂቃዎች ይፈጃል። ከወረዳዎ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ይሂዱ፤ የመድኅን አባል ከሆኑ ሪፈሩን መዝለል ሽፋኑን ያሳጣዎታል። የጠብታውን ብልቃጥ ይዘው ይሂዱና ለስንት ጊዜ፣ በቀን ስንቴ እንዳደረጉ ይንገሯቸው። ለወራት የተደረገ ስቴሮይድ አወራረዱን ሐኪም ቢወስንልዎት ይሻላል፤ በድንገት ሲቆም ብግነቱ ሊያገረሽ ይችላል። ለማሳከኩ ከላይ ለሲልቨር ስፕሪንጓ ጠያቂ የጻፍነው ሙቀትና ጽዳት ለእርስዎም ይሠራል፤ ስፕሬዩ ካልተገኘ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በረጠበ ንጹሕ ጥጥ ይጥረጉት።