ሰዓቴ «ተጨንቀሻል» ይለኛል፤ ልመነው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ስትረስ የሚለካ የጋርሚን ሰዓት አመጣልኝ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን በየአሥር ደቂቃው እሱን ማየት ሆኗል ሥራዬ። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤት ቡና ጠርታኝ ስንስቅ ስንጫወት ቆይተን፣ በረካውን ጠጥቼ ሳየው 82 ይላል! እኔ ደግሞ ምንም አልጨነቀኝም። ሳላውቀው የታመምኩት ነገር ይኖር ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ቁጥር ብቻስ አትደንግጪ። ሰዓቱን ገልብጠሽ ጀርባውን እዪው። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል አይደል? በሱ ነው ከቆዳሽ ሥር ያለውን የደም ፍሰት እያየ የልብ ምትሽን የሚከታተለው። ልብሽ በደቂቃ 60 ጊዜ መታ ማለት በየሴኮንዱ እኩል መታ ማለት አይደለም፤ በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል አንዴ 0.9፣ አንዴ 1.1 ሴኮንድ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ዘና ሲል ይህ ልዩነት ሰፋ ይላል፣ ሲወጠር ይጠብባል። ሰዓትሽ ይህንን ነው ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር የሚነግርሽ። እስከ 25 እረፍት ነው፣ ከ75 በላይ ደግሞ ከፍተኛ።

ታዲያ ሰውነትን የሚወጥረው ጭንቀት ብቻ መች ሆነ? ሦስት ስኒ ቡና አለ፣ ሳቅ አለ፣ ጨዋታ አለ። እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ፣ ሊጀማምር ያለ ጉንፋንም እንደዚሁ። ሰዓቱ ለቅሶ ቤት ሁኚ ሠርግ ቤት አያውቅም።

እኔን ያሳሰበኝ በየአሥር ደቂቃው ማየትሽ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ትደነግጫለሽ፣ ስትደነግጪ ደግሞ ይብስ ይወጣል። እባክሽ ማሳሰቢያውን አጥፊው። ጠዋት ጠዋት አንዴ ብቻ፣ የሌሊቱን እዪ። ሌሊት ቡናም ወሬም ስለሌለ የተሻለ ይናገራል። ሰዓቱ እረፍትን በሰማያዊ፣ ውጥረትን በብርቱካናማ ያሳያል፤ ድሮ ሰማያዊ የነበረው ሌሊትሽ ለቀናት ብርቱካናማ ሆኖ ከቆየ ግን ቆም ብለሽ አስቢ፤ ማታ ቡና አበዛሽ? አሞሻል? ወይስ ለማንም ያልነገርሽው ነገር አለ?

ደረትሽን ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ግን ሰዓቱ 20 ቢልም ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሐሳቡ እንቅልፍና ምግብ ከነሳሽም እንደዚያው፣ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው አትጠብቂ።