ሦስተኛው ቁልፍ የት እንዳለ ሳታውቂ እንዳትነሺ

እህቴ፣ «ሰንበት ትምህርት ቤታችን ኅዳር ላይ ከደሴ በሁለት አውቶቡስ ተነሥቶ በሐይቅና በአምባሰል በኩል ያሉ የገጠር አጥቢያዎችን ሊዞርና የየአካባቢውን ታሪክ ለምእመኑ ሊያካፍል ነው፤ ምን እናዘጋጅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ ውኃ፣ ስለ ድምፅ ማጉያና ስለ ቲሸርት ነግረውሻል። እሱ አያቅታችሁም። እኛም እንዲሁ ወጥተን ነበርና፣ እኔ እኛን ያቃጠለንን ልንገርሽ።

1ኛ፣ ለአጥቢያው የምታሳዩትን የትብብር ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። ለደብዳቤ የተመላለስንበትን ቢሮ ስሙን አልጠራም፤ አራት ቀን ነው የተመላለስነው። አንድ ቀን ማኅተም ያዡ የለም፣ በማግሥቱ ማኅተሙ አለ ፈራሚው የለም። በአራተኛው ቀን ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «እናንተ የከተማ ልጆች ታሪክ ታሪክ የምትሉት ሥራ ብትፈቱ ነው» አለን። አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥ አድርጌ፣ ወረቀቱን ተቀብዬ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ወጣሁ። ሳላነበው! ጥፋቴ ይኸው ነው።

ለካ ደብዳቤው «ለጉብኝት ስለሚመጡ ትብብር ይደረግላቸው» ብቻ ነው የሚለው። ስለ ጉባኤ የለ፣ ስለ ብራና መጻሕፍት የለ፣ ስለ ፎቶ የለ። ለአጥቢያው የተላከ ግልባጭም የለም።

2ኛ፣ ቁልፍ። ብዙ ገጠር አጥቢያ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት የሚቀመጡበት ዕቃ ቤት በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም። እኛ በሄድንበት አንዱ ቁልፍ ከአስተዳዳሪው፣ አንዱ ከቄሰ ገበዙ፣ አንዱ ከሰበካ ጉባኤው ሰው ዘንድ ነው። የሄድነው ደግሞ እንደ እናንተ ኅዳር ነበር። ኅዳር ገበሬው አጨዳ ላይ ነው፤ ቄሱም ገበሬ ነው። ሁለቱ ቁልፎች ደጀ ሰላም ይጠብቁናል፣ ሦስተኛው በባለቤቱ ወገብ ላይ ታስሮ ቆላ ወርዶ ማሽላ ያጭዳል። ቀድመን ሰው ብንልክ ኖሮ ይህን በአንድ ቀን እናውቀው ነበር። አልላክንም። ደብዳቤ አለን ብለን።

ሃምሳ ሁለት ሰው ግቢውን ሞላው። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ከእኛ ልጆች አንዱ ትዕግሥቱ አለቀና ስልኩን በዕቃ ቤቱ መስኮት ፍርግርግ አሾልኮ ፎቶ አነሣ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከዚያው ቤተ ክርስቲያን የብር መስቀል ተሰርቆ ነበር፤ የወሰዱትም «ጎብኚዎች ነን» ብለው የመጡ ሰዎች ናቸው። እኛ በምን እናውቃለን? አንዲት እናት አዩትና ጮኹ። ደወሉ ተደወለ። ያለ ሰዓቱ የተደወለ የገጠር ደወል ምን እንደሚያመጣ ያየ ያውቀዋል፤ ሰዉ ማጭዱን እንደያዘ ነው ከየማሳው የወጣው።

ሚሊሻው ደብዳቤውን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጉብኝት ይላል። በመስኮት ማንሣት አይልም» አለ። ምን ይመለስለታል? እውነቱን ነው። ስልካችን አንድ በአንድ እየታየ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ተቀመጥን። በጾም፣ በፀሐይ፣ ሕፃናት ይዘን። አውቶቡሶቹ ለማደራቸው ዘጠኝ ሺህ ብር አስከፈሉን፤ ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልን። ያ ጸሐፊ አንዲት መስመር ቢጨምር ኖሮ! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የገላገሉን አንድ ሙስሊም አዛውንት ናቸው። የባለ ቁልፉ ጎረቤት ናቸውና በበቅሎ ቆላ ወርደው ይዘውት መጡ። መስቀሉ ሲሰረቅ ሌባ ፍለጋ ሌሊቱን ያደሩትም እሳቸው መሆናቸውን ኋላ ሰማን። አዛውንቱ ከበቅሎ ሳይወርዱ «እነዚህ ሌቦች አይመስሉም፤ ሌባ ሕፃን ይዞ አይመጣም» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። ነገሩ በረደ።

3ኛ፣ ታሪክ ልታስተምሩ አትሂዱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከመሸ በኋላ «መጥታችሁማ በባዶ አትመለሱም» ተባልንና አጭር ጉባኤ ተዘረጋ። የእኛ ተናጋሪ ከኢንተርኔት የገለበጠውን ወረቀት አውጥቶ «የሐይቅ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተከሉት» ብሎ ጀመረ። ከኋላ የተቀመጡ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አባታችን ያቋቋሙት ገዳሙን፣ የምንኩስናውን ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያኑማ ከሳቸው በፊት የነበረ ነው» አሉት። በገዳሙ ትውፊት መሠረት ቤተ ክርስቲያኑ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተተከለ ነው። ልጁ ወረቀቱን አጠፈ።

ከዚያ መሪጌታው ያዙት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ሲማሩ፣ ገዳሙ ዛሬ ከየብስ የተያያዘ ይሁን እንጂ ያኔ ደሴት እንደነበረ፣ በታንኳ እንደሚገባ። በግሸን አምባ ላይ ስለታሰሩት ልዑላን፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ከዚያው እስር ወርዶ እንደነገሠ። ከሁሉ የገረመኝ ግን መሪጌታውና ቁልፉን ያመጡልን አዛውንት የአንድ ቅድመ አያት ልጆች መሆናቸው ነው። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ ሲሉ፣ አንዱ ወንድም ተጠመቀ፣ አንዱ ሃይማኖቱን ይዞ ቆላ ወረደ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲለብስ ማገሩን ከጫካ ያወጡት የቆላዎቹ ልጆች ናቸው። አዛውንቱም ከአጥሩ ውጪ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጎደለውን ይጨምሩ ነበር፤ «የለም፣ ትልቁ ነው የወረደው» እያሉ። እኛ ይህን ልናስተምራቸው ነበር የሄድነው!

4ኛ፣ ቶሎ ቶሎ ልበል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ እኅቶች የት እንደሚቆዩ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ እኛ መንገድ ላይ ስናስብ ቅያሜ ተፈጥሯል። በስጦታ ጃንጥላ አትግዙ፤ ዕጣን፣ ጧፍና ለመሥዋዕቱ ዘቢብ ውሰዱ። ስንቃችሁ የጾም ይሁን፤ ዳቦ ቆሎና በሶ ይበቃል። የመንገዱን ሰላም በዚያው ጠዋት ደውላችሁ አጣሩ፣ የትናንት ወሬ አይሠራም።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ልጆች ቀድመን ላክን፣ ደብዳቤው ላይ «ጉባኤ፣ የቃል ታሪክ ቀረጻ፣ በአጥቢያው ፈቃድ ፎቶ» አስጻፍን፣ ሦስቱም ቁልፍ መኖሩን አረጋገጥን። አውቶቡስ አንድ። ተናጋሪ ከእኛ የለም። የመሪጌታውን ቃል ጽፈን፣ አስጠርዘን ለአጥቢያው አስረከብን፤ አሁን ዕቃ ቤት ነው የተቀመጠው፣ በሦስት ቁልፍ። ባለፈው ክብረ በዓል «የእኛ ልጆች» ተብለን ተጠርተናል፤ ያን የመስኮት ፎቶ ያነሣው ልጅ ሳይቀር።

የደብዳቤውን ረቂቅ ከፈለግሽ እልክልሻለሁ። ለቢሮው ግን ረቡዕ ከሰዓት ሂጂ፤ ጸሐፊው ሐሙስ አይገባም።